የሦስቱ ደብዳቤዎች ዋጋ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የአንድ ቤተሰብ ነገር ልተርክላችሁ። ቤቱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አባት ኡበር ይነዳል፤ እናት ሆስፒታል ምግብ ክፍል ትሠራለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። በዲቪ ሲመጡ ታላቂቱ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ስማቸውን አልጠራም። ታሪኩ የብዙ ቤት ስለሆነ ያለ ስምም ታውቁታላችሁ።

ይህች ታላቂቱ በ2025 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ነበር። ልቧ ያለው አንድ ትምህርት ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ። ማታ ወንድሞቿ ሲተኙ በፓይተን ኮድ ስትጽፍ ታመሻለች። ጸደይ ሲገባ ሦስት ደብዳቤ መጣላት።

የመጀመሪያው ከሩቅ ስቴት፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ በየዓመቱ 40 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ተሰጥቶሻል» ይላል። አባት ይህን ሲያነብ መኪናውን ጥግ አስይዞ አለቀሰ። ከዚያ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ሁሉ ላከው። አዲስ አበባ ያሉት አያት ስለታቸውን ለማርያም አስገቡ። በዚያ ሳምንት የተደወለው ስልክ ብዛቱ!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈላና የእናትየው ታላቅ እህት መጡ። እኚህ ሴት በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሐበሻውን ታክስ ሲሠሩ የሚከርሙ ናቸው። አባትየው «እትዬ» ነው የሚላቸው። እልልታው ጋብ ሲል «እስቲ ደብዳቤውን ወዲህ በሉ» አሉ። ቀጥለውም «የኔ ልጅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪልኝ።»

እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም ተደምሮ፣ 86 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የኮሌጁ ስኮላርሺፕ 40 ሺህ ይነሳል። የፌዴራል መንግሥቱ ፔል ግራንት ደግሞ 7,395። ይህ በዚያ ዓመት ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ መጠን ነው። የኡበር ገቢ የመኪናው ወጪ ተቀንሶለት ከእናትየው ደመወዝ ጋር ሲደመር ለአምስት ነፍስ ጥቂት ስለሆነ ልጅቷ ሙሉውን አግኝታለች። እስከዚህ ያለው የማይመለስ ገንዘብ ነው። በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ቀለም ግን ሁለት መስመር ይቀጥላል፤ የተማሪ ሎን 5,500፣ የወላጅ ፕላስ ሎን 33,105። ከሥሩ «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ተብሎ ተጽፏል።

አባት ያያት ያችን ዜሮ ነበር።

«ዜሮ ያሉት የምትበደሩትን እንደ ስጦታ ቆጥረው ነው» አሉ እትዬ። «በዓመት 38,605 ዶላር ዕዳ ነው። በአራት ዓመት 154,420። ዋጋው በየዓመቱ መጨመሩን አልቆጠርኩም፤ ወለዱንም አልቆጠርኩም። የወላጁ ሎን ወለድ ብቻ ዘንድሮ 9 በመቶ ገደማ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ይህን ስሰማ የተናደድኩት በአባትየው አይደለም። ስጦታንና ብድርን በአንድ ዓምድ ደርድሮ ለደከመ ወላጅ መላክ ነውር ነው። እንግሊዝኛውን የሚያውቅም ሰው ይሳሳትበታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ወዲህ አዲስ የሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ በወላጅ ፕላስ ሎን እንዳይወስድ ሕግ ወጥቷል። ገደቡ መልካም ነው። ሆኖም አስቀድሞ ያላሰላ ቤተሰብ ልጁ መንገድ ላይ ሳለ ገንዘብ ሊያልቅበት ይችላል።

የግል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ አይነካም እያልኩ ግን አይደለም። ለምሳሌ ኤም አይ ቲ ከ2025 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው ከ100 ሺህ ዶላር በታች የሆነ ቤተሰቦች ምንም እንደማይከፍሉ፣ ከ200 ሺህ በታች የሆኑት ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንደማይጠየቁ በኖቬምበር 2024 አስታውቋል። እንዲህ ያለው ሀብታም ትምህርት ቤት ለእኛ ዓይነት ቤት ከስቴት ዩኒቨርሲቲም ሊረክስ ይችላል። ጎበዝ ልጅ ያላችሁ ሳትፈሩ እንዲያመለክት አድርጉ። ችግሩ በሩ ጠባብ ነው፤ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አያስገባም። አደገኛው እንግዲህ መካከለኛው ነው፤ ዋጋው የሀብታሞቹን ያህል፣ ካዝናው ግን የእነሱን ያህል ያልሆነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ሁለተኛው ደብዳቤ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮሌጅ ፓርክ ነበር። በኮምፒውተር ሳይንስ ስሙ የተከበረ ነው። ግን ሁለት ነገር አለበት። የቨርጂኒያ ነዋሪ እዚያ የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ ከሜሪላንድ ነዋሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ እዚያ በቁጥር የተገደበ ሜጀር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለሽ ማለት ሜጀሩ ተቀበለሽ ማለት አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አጎት ደውሎ «በኔ አድራሻ አስመዝግቧት» አለ። እትዬ ስልኩን ተቀብለው «ወንድሜ፣ ታክሳቸው ቨርጂኒያ፣ መንጃ ፈቃዳቸው ቨርጂኒያ፤ ልጅቷን በሐሰት አናስጀምራትም» አሉት። በዚህ ተዘጋ።

ሦስተኛው ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ከፌርፋክስ ነው። ለቨርጂኒያ ነዋሪ የዓመቱ ትምህርት ያኔ ወደ 14 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከቤት ተመላልሳ ልትማር ትችላለች። አባት ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ።

እትዬ ግን እስክሪብቶውን አላስቀመጡም። «አራተኛም አለ» አሉ። «ደብዳቤ የማይልከው። ኖቫ።»

የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅን ነው፤ እኛ በአጭሩ ኖቫ የምንለውን። የአሌክሳንድሪያው ካምፓስ ከቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ ዳሽ የሚባለው የከተማው አውቶቡስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው የሚጭነው። አባት ግን ድምፁ ተሰበረ። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሌሊት የነዳሁት ኖቫ ላስገባት ነው?»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ስንት ቤት ሰምቼዋለሁ! በየለቅሶውና በየሠርጉ «ልጅህ የት ገባች?» ሲባል ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት ስም ነው። ይህ እፍረት ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ አስከፍሏል።

እትዬ ሳይቆጡ አሰሉለት። ኖቫ ለአንድ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ነው። በዓመት 30 ክሬዲት ብትወስድ 6 ሺህ። ፔሉ 7,395 ነው፤ ትምህርቱን ከፍሎ ለመጽሐፍና ለላፕቶፕ ይተርፋል። ሁለት ዓመት፣ ዕዳ የለም። ከዚያ ሜሰን ሁለት ዓመት፣ ባሁኑ ዋጋ 28 ሺህ። ከዚያ ላይ የሁለት ዓመት ፔል፣ 14,790፣ ሲነሳ 13,210 ይቀራል። የስቴቱ ዕርዳታና ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ቨርጂኒያ የምትሰጠው ግራንት ከተጨመረበት ደግሞ ያንሳል። «ይህን በዕቁብም ትወጡታላችሁ» አሉ። «ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ደግሞ ጆርጅ ሜሰን ነው።»

ልጅቷ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። «አክስቴ፣ ኖቫ የገቡ ስንቶቹ ናቸው የሚጨርሱት?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ የሚገባ ነው፤ እኔም ላድበሰብሰው አልፈልግም። በመላው አሜሪካ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምረው በ6 ዓመት ውስጥ ባችለር ዲግሪ የሚይዙት ከ100 ወደ 16 ብቻ ናቸው። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ብዙዎቹ ሙሉ ቀን እየሠሩ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ይወስዳሉ፤ ሌሎቹ የሚቀበላቸው ዩኒቨርሲቲ የማይቆጥረውን ክሬዲት ያከማቻሉ። ርካሽ መንገድ ርካሽ የሚሆነው ሲጨርሱት ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ይህ ጣጣ ይከፋል፤ ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ የተያያዘ ነውና። የመጀመሪያውን ፕሮግራሚንግ ሳይጨርሱ ሁለተኛው አይወሰድም፤ ያለ ሁለተኛው ዳታ ስትራክቸር የለም፤ ያለ ዳታ ስትራክቸር የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ዝግ ናቸው። በጎን ካልኩለስ አንድና ሁለት፣ ዲስክሪት ማትስም አለ። አንዱን በመኸር ያመለጠ ተማሪ ሙሉ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ሌላም አለ። ኮሌጁ ውስጥ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚባል ጎረቤት ትምህርት አለ፤ ሒሳቡ ቀለል ይላል፤ ብዙ ልጆች «ያው ኮምፒውተር ነው» ብለው ይመዘገቡበታል። ያው አይደለም። ሁለት ዓመት ጨርሰው ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ልዙር ሲሉ ካልኩለስን ከዜሮ ይጀምራሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ መያዝ ነው። ኖቫና ሜሰን በ2018 አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል። ተማሪው ገና ኖቫ ሳለ የትኛው ኮርስ ሜሰን ላይ እንደሚቆጠር በዝርዝር ይሰጠዋል፤ የሚከታተለው አማካሪ ይመደብለታል፤ ሲዛወር እንደ አዲስ አያመለክትም። እትዬ ይህን ያወቁት ታክስ ሲሠሩላቸው ከነበሩ ልጆች ነው። የልጅቷን እጅ ይዘው «በሴሚስተር 15 ክሬዲት፤ ሒሳብ ከመጀመሪያው ሴሚስተር፤ ሥራ በሳምንት ከ15 ሰዓት አይበልጥም» አሏት። ለአባትየውም «ወጪ ታግዘኝ ብለህ ሙሉ ቀን እንዳታሠራት» አሉት።

አባት አንድ የመጨረሻ ነገር ተናገረ፤ «ግን እትዬ፣ ኮምፒውተር የተማረ እኮ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ ነው የሚያገኘው፤ ትከፍለዋለች።» የሚያገኝ አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሜታ በ2022 መጨረሻ 11 ሺህ፣ አማዞን በ2023 መጀመሪያ 18 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ ያስታወቁትን እናስታውስ። አዲስ ተመራቂ ከልምድ ባለቤት ጋር ለአንድ ቦታ የሚሻማበት ዘመን ነው። ገና ያልተቀጠረችበትን ደመወዝ አስይዞ መበደር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዕዳ የሌለባት ልጅ ግን ትንሽ የሚከፍል ጥሩ ኢንተርንሺፕ መምረጥ ትችላለች፤ ሥራ ቢዘገይም ስድስት ወር መታገስ ትችላለች።

በኦገስት ኖቫ ተመዘገበች፤ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ በአድቫንስ በኩል። ፔሉ የትምህርቱን ክፍያ ሸፈነው።

አሁን ለእናንተ አንድ ቃል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የኮሌጅ ዕርዳታ ማመልከቻ የሚያየው ልጁ ኮሌጅ በሚገባበት ዓመት ያለውን ገቢ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነው። ልጃችሁ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ 11ኛ የሚጀምርበት የፈረንጆች ዓመት ነው የሚቆጠረው። የዚያን ዓመት ታክስ የመኪናውን ወጪ በደረሰኝ ይዛችሁ፣ በትክክልና በጊዜው አሠሩ፤ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባም ፋፍሳው እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉት።