ከጂቡቲ እስከ የመን፦ ያልተሠራው ድልድይ

ካርታ አውጡና የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ጫፍ ፈልጉ። አፍሪካና እስያ ሊነካኩ ምንም ያልቀራቸው ቦታ ባብ ኤል ማንደብ ይባላል፤ በዓረብኛ "የእንባ በር" ማለት ነው። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የሳዑዲው ባለሀብት ታሪቅ ቢን ላደን ኩባንያ እዚህ ላይ መኪናም ባቡርም የሚያሳልፍ ድልድይ ሊሠራ መሆኑ ተነገረ። በመተላለፊያው ውስጥ ያለችው የየመኗ ፔሪም ደሴት እንደ ወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ ታገለግላለች ተባለ።

ጣጣው ከደሴቷ በስተ ምዕራብ ነው። እዚያ ባሕሩ በአንዳንድ ቦታ 300 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ምሰሶ እንደ ልብ አይተከልበትም። ወደ ስዊዝ የሚያልፉ መርከቦችም ሰፊ መንገድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድልድዩ በሁለት ምሰሶዎች መካከል እስከ 5 ኪሎ ሜትር እንዲንጠለጠል ታሰበ። ያኔ ከዓለም ረጅሙ፣ የጃፓኑ አካሺ ካይክዮ፣ 1,991 ሜትር ነበር። ዛሬም ቀዳሚው የቱርክ ድልድይ 2,023 ሜትር ብቻ ነው።

"ታዲያ ገመዱን ማወፈር ነዋ!" ትሉ ይሆናል። የወፈረ ገመድ ግን ራሱም ይከብዳል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ገመዱ ከመኪኖቹ ይልቅ የራሱን ክብደት ሲሸከም ይውላል። ነፋሱን ሳንቆጥር ነው ይሄ።

በዚያው ዓመት የዓለም ገንዘብ ቀውስ መጣ፣ ቆይቶም የየመን ጦርነት። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ። ከኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዛሬም በተጨናነቁ ጀልባዎች ይሳፈራሉ፤ ብዙዎችም ሰጥመዋል። ድልድዩ ቢሠራስ ፓስፖርት ለሌለው ይከፈት ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።