በሞካ ሥዕል ስለ ተጌጡ የእንግሊዝ ኩባያዎች

በእንግሊዝ አገርም ሆነ በሰሜን አሜሪካ ከአያቱ የሸክላ ኩባያ የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር አብሮ አንድ ትውፊት ይወርሳል፤ ይኸውም ኩባያው በንጉሥ ዊልያም ሣልሳይ ዘመነ መንግሥት የተሠራ ነው፣ ለዚህም የማይታበል ምስክሩ ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ የታተመው ዘውድና ከዘውዱ ጋር ያሉት ‹ደብልዩ› እና ‹አር› የተባሉት ሁለት ፊደላት ናቸው የሚል ነው። ነገሩ ለጆሮ የሚጥም፣ ለቤተ ሰብም ክብር የሚጨምር ስለ ሆነ ማንም ሊጠራጠረው አይወድም፤ ነገር ግን በኩባያው ወገብ ላይ ቅርንጫፉን የዘረጋ ጥቁር ዛፍ የሚመስል ሥዕል ካለ፣ ዕቃው ንጉሡ ካረፈ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላ ሊሠራ እንዳልቻለ ያለ ፍርሃት መናገር ይቻላል።

የስሕተቱ ምንጭ ሕጉ ራሱ ነው። በ1700 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በወጣው ድንጋጌ፣ ቢራ የሚቸረችር ሁሉ መጠጡን በታወቀ ልክ በተሠራና የዘውድና የንጉሡ ስም ምልክት በታተመበት መስፈሪያ እንዲሸጥ ታዘዘ፤ ንጉሡም በ1702 ቢያርፍ ማኅተሙ የመንግሥት ምልክት ሆኖ ስለ ተለመደ እርሱን በተከተሉት ነገሥታት ዘመንም ብዙ ጊዜ ሲመታ ኖረ። ከ1830 እስከ 1837 የነገሠው ዊልያም ራብዓይም በዚያው ፊደል የሚጠራ ስለ ነበረ ግራ መጋባቱ በላይ በላዩ ተደራረበ። ከዚህም ሌላ፣ በኋለኛው ዘመን ማኅተሙን የሚመታው መስፈሪያ የሚመረምረው ሹም ስለ ነበረ፣ ማኅተሙ የሚመሰክረው ዕቃው የተለካበትን ጊዜ እንጂ ከእቶን የወጣበትን ጊዜ አይደለም። የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክትና የወረዳ ቁጥር የታተመበት ኩባያ ቢገኝ፣ እርሱም ቢሆን ከመታተሙ በፊት በአንድ መጠጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ማኅተሙ አይናገርም።

ስለዚህ አስተዋይ መርማሪ ፊደሉን ለጊዜው ትቶ ኩባያውን ይገለብጠዋል። የሚመለከተውም ልባጡ፣ ማለት መስታወት መሳዩ ሽፋን፣ ገና ፈሳሽ ሳለ ወርዶ የተጠራቀመበትን የእግሩንና የእጀታውን ጥግ ነው፤ ልባጡ በገጹ ላይ ሲሳሳ ቀለሙ አይለይም፣ በጥጉ ሲወፍር ግን ይገለጣል። በዚያ ጥግ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ ከታየ ሸክላው ከክሬም ቀለሙ ወገን ነው፤ ሰማያዊ ከታየ ሉል መሰል ከሚባለው ወገን ነው፤ ሁለቱም ካልታዩና ነጭነቱ ንጹሕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1820ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ይህች ትንሽ ጥግ ከቤተ ሰብ ትውፊት ይልቅ የታመነች ናት ብል የማጋንን አይመስለኝም።

ይህ የቀለም ቅደም ተከተል የስታፎርድሺር አውራጃ ሸክላ ሠሪዎች የድካም ታሪክ ነው። አገሩ የድንጋይ ከሰል የሞላበት ሲሆን፣ ነጩ ጭቃ ግን ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በመርከብ፣ ከወደብም በፈረስ ጀርባ ይመጣ ነበርና፣ በበርስለም ከተማ በ1730 የተወለደው ስመ ጥሩው ጆሳያ ዌጅውድ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የትሬንትና መርዚን ቦይ ለማስቆፈር ብዙ ደከመ፤ ቦዩም በ1766 ተጀምሮ በ1777 ሲፈጸም ጭቃው በጀልባ ገባ፣ ተሠርቶ ያለቀውም ሸክላ በጭነት ፈረስ መንገድ ላይ ሳይሰባበር ወደ ባሕር ወጣ። ክሬም ቀለሙን ሸክላ ወደ ፍጹምነት ያደረሰውና በንግሥት ሻርሎት ስም እንዲጠራ ፈቃድ ያገኘው ይኸው ሰው ነው። የቻይና ሸክላ ነጭነት ያስቀናቸው ሠራተኞችም በልባጡ ውስጥ ጥቂት ኮባልት ጨምረው ቢጫነቱን በሰማያዊ ለመሸፈን ጣሩ፤ በጥጉ የሚታየው ሰማያዊ ጥላ የዚህ ጥረት ትራፊ ነው።

ወደ ዛፉ ሥዕል እንመለስ። ስሙ በየመን ከሚገኘው ከሞካ ወደብ የመጣ ነው፤ በዚያ ወደብ በኩል ወደ አውሮፓ ይላክ የነበረ፣ በውስጡ የድንጋይ ሽበት ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር መስመር ያለበት የከበረ ድንጋይ ነበርና፣ ሸክላውም ያን ድንጋይ ስለ መሰለ በወደቡ ስም ተጠራ። (የሐረር ቡናችንም በባዕድ ገበያ በዚያው ወደብ ስም ሲሸጥ መኖሩን አንባቢ ያስታውሳል፤ ሞካ የራሷ ያልሆነውን ብዙ ነገር በስሟ ያስጠራች ከተማ ናት።) አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ግማሽ የደረቀው ኩባያ በቶርኖ ተላግቶ ከለሰለሰ በኋላ በቀጭን የጭቃ ቅብ ይሸፈናል፤ ቅቡ ገና እርጥብ ሳለ ሠራተኛው ኩባያውን በአፉ ደፍቶ፣ ከትምባሆ ውሃ ወይም ከቆየ ሽንት ጋር የተበጠበጠውን የማዕድን ቀለም በብሩሽ ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ ያስነካዋል፤ ጠብታውም ከቅቡ ጋር ተቃራኒ ጠባይ ስላለው በቅጽበት ወደ ታች እየተሰነጣጠቀ ይሮጣል። ኩባያው ሲቃና የወረደው ሁሉ ወደ ላይ የበቀለ ዛፍ ይሆናል። የሰው እጅ ያልሳለው ስለ ሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ዛፍ አይገኝም፤ በማጉያ መስታወት ሲታይም ጫፉ በቅቡ ውስጥ እየሟሸሸ ይጠፋል እንጂ በብሩሽ እንደ ተሳለ ወይም በማተሚያ እንደ ታተመ ሥዕል ዳርቻው አይቆረጥም። ዓመቱ ከተጻፈባቸው ውስጥ ቀዳሚ የሚባለው በኢፕስዊች ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኘው የ1799 ኩባያ ነው።

ጥበበ እዱ እንዲህ የሚያስደንቅ ቢሆንም ዕቃው በዘመኑ ጌጥ ካላቸው ሸክላዎች ሁሉ ርካሹ ነበር። በመኳንንት ማዕድ ላይ የሚቀርብ ሳይሆን በመጠጥ ቤትና በገበያ የሚውል ነው፤ አብዛኞቹ ሠሪዎችም ስማቸውን ሊያትሙበት አልደከሙም። በ1824 የወጣው የመስፈሪያ ሕግ ከ1826 ጀምሮ በመላው መንግሥት አንድ ወጥ የፓይንት መስፈሪያ፣ ማለት 568 ሚሊሊትር ያህል፣ ሲደነግግ የኩባያው ፈላጊ በዛ፤ በ1845 ግን የመስታወት ቀረጥ ስለ ተሻረ ብርጭቆ ረከሰ፣ ጠጪውም ቢራው ጠርቶ መታየቱን ወደደ፣ ሸክላውም ቀስ በቀስ ከመደርደሪያው ወረደ። ሥራው ፈጽሞ የቀረው ግን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ቆይቶ ነው።

ዛሬ ዋጋው ተገልብጧል። ዮናታን ሪካርድ የተባሉት አሜሪካዊ ሰብሳቢ ስለዚህ ሸክላ ሰፊ መጽሐፍ እስኪጽፉ ድረስ የደረሰ ፍቅር በዚያ አገር ስላለ፣ ቀደምቶቹ ኩባያዎች በሐራጅ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ፤ በቪክቶሪያ ዘመን ለመጠጥ ቤት በብዛት የተሠሩት ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይሸጣሉ። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው የጌጡ ብዛትና የቀለሙ ብርቅነት ሲሆን፣ ዝቅ የሚያደርገው ስንጥቅና የተሰወረ ጥገና ነው። ጥገናው ለዓይን ባይታይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር አዲሱ ቀለም ለብቻው ያበራል፤ የተሰነጠቀ ኩባያም በጥፍር ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል። ወራሹ እድፉን ላስለቅቅ ብሎ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፉ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው፤ መድኃኒቱ በስንጥቁ ገብቶ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ልባጡን ከሥሩ ያፈናቅለዋልና። ሳይደበቅ የተሠራ የጥንት ጥገና ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥራውን አዋቂው በሸክላው ላይ ቀዳዳ በስቶ በብረት ሽቦ ያጣበቀው፣ ወይም ቆርቆሮ ሠሪ በተሰበረው እጀታ ፋንታ የቆርቆሮ እጀታ ያበጀለት ኩባያ፣ ቀድሞ ገዢ የሚሸሸው ሲሆን፣ ዛሬ ይህንኑ ብቻ እየመረጡ የሚገዙ ሰብሳቢዎች ተነሥተዋል።