ምሳውን የከፈለው ማን ነበር?

በምዕራብ ሸዋ የምንገኝ የማኅበሩ አባላት ዘንድሮ አምቦ ላይ ስንሰባሰብ የግማሽ ቀን የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናም ይኑር ተባለና፣ ስፖንሰር የመፈለጉ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ለምን እኔ ላይ እንደወደቀ ግልጽ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ስፖንሰር አግኝቼ ስለነበር «ልምድ ያለው እሱ ነው» ብለው ነው። ልምዱስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ልምድ እንደሆነ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደብዳቤውን ለመጻፍ ቁጭ ብዬ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ፣ በቅድሚያ ይህችን ለመጽሔታችን ልጻፍ አልኩ።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ከመንግሥት ጎን ሆነው ወጪውን የተጋሩት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ነበሩ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አንድ ላይ የሚሠለጥኑበት፣ ገጠር ጤና ጣቢያን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ነበር። ዘመን ተለወጠ፤ ከእ.ኤ.አ. 1978 ጀምሮ ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን የላይፕሲጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መጣና ጎንደር ሐኪሞች ማፍራት ጀመረች። ቀደም ሲል ተቋርጦ የነበረው የጤና መኮንኖች ሥልጠና የተመለሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ የዚያ የተመለሰው ፕሮግራም ፍሬ ነኝ። ከፋዩ ሲለወጥ የሚሠለጥነውም ሰው፣ የሚማረውም ነገር አብሮ ተለወጠ። ይህን ስል ለማማረር አይደለም። እነዚያ ከፋዮች ባይኖሩ ኖሮ እኔም፣ ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁም የት እንደምንሆን እንጃ። ነገር ግን ተማሪ ሳለን ስለ ኮሌጁ ታሪክ ሲነገረን የመሥራቾቹን ስም እንሰማለን እንጂ፣ «ከፋዩ በትምህርቱ ላይ ምን ድርሻ ነበረው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ተማሪ አላስታውስም።

በ1995 ዓ.ም. ካቺሲ ተመደብኩ። ካቺሲን የማታውቁ ብትኖሩ የጊንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ፣ ጎጆን አልፋችሁ፣ ያኔ አቧራና ጭቃ የሚፈራረቅበትን መንገድ ታግሳችሁ ነው የምትደርሱት። ደጋው እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ አባይና ወደ ሙገር ሸለቆ ይወርዳል። በአንድ ቀን ተረኝነት ከደጋ የሳምባ ምች፣ ከቆላ ወባ ይመጣል፤ ምጥ የጠናባት እናት ደግሞ ከሁለቱም አቅጣጫ በቃሬዛ ትደርሳለች። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። እኔም በመጀመሪያው ወር «ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ አስረዳ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ተውኩት።

እ.ኤ.አ. በ2003 ወባው በአገሪቱ ሁሉ ሲነሣ ቆላው ተጥለቀለቀ። እጃችን ላይ የነበረው ፋንሲዳር ነው፤ ሰጥተን የሸኘነው ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። በዓመቱ መመሪያው ተቀይሮ ኮአርተም የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ። እኛ ዘንድ ካርቶኑ ቀድሞ መጣ፤ ሥልጠናው ዘግይቶ። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት እኔና ሲስተር ማታ በኩራዝ አንብበን፣ ጠዋት ለሌሎቹ አስተማርን። ከወረዳችን ውጭ ማንም አልከፈለበትም፤ ሰርተፍኬትም የለውም። ከተመረቅሁ በኋላ ከወሰድኳቸው ትምህርቶች ሁሉ እስከ ዛሬ በደንብ የማስታውሰው ግን እሱን ነው።

ከዚያ የኤች አይ ቪ ገንዘብ መጣ። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ የግሎባል ፈንድና የአሜሪካው ፔፕፋር ገንዘብ ለሥልጠናም ይፈስስ ጀመር። በኦሮሚያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አይካፕ ነበር። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ለሐኪም ብቻ የተተወውን ሕክምና ነርስና ጤና መኮንን እንዲይዘው ያደረገ ሥልጠና ነው፤ በሕይወት ያቆየናቸውን ሰዎች ዛሬም ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ጥሪ በመጣ ቁጥር ግን የጤና ጣቢያው ግማሽ ሰው አዳማ ወይም አዲስ አበባ ይሆናል። አበል የደመወዝ ድጎማ ሆነ፤ «ርዕሱ ምንድን ነው?» ከሚለው በፊት «ውሎ አበሉ ስንት ነው?» የሚለው ይቀድማል። እኔም ጠይቄያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ ሠልጥኑ ተብዬ አንድም ጊዜ አልተጠራሁም። በቃሬዛ የምትመጣዋ እናት ግን አልቀረችም።

አሁን ወደ ልምዴ ልምጣ።

በ1999 ዓ.ም. እኔና ጥቂት የዞኑ ባልደረቦቼ በሕፃናት የሳምባ ምች ላይ የአንድ ቀን ሥልጠና ለማዘጋጀት ተነሣን። በጀት ጠየቅን፤ የለም ተባልን። አንድ የመድኃኒት ድርጅት ተወካይ ሰምቶ ኖሮ «እኛ እንሸፍነዋለን» አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ምንም አልጠየቀንም። አምቦ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ፣ ትራንስፖርት፣ ክትፎ ያለበት ምሳ፣ ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፣ ማስታወሻ ደብተር። ጠረጴዛው ላይ የድርጅቱ ምልክት ያልነበረበት ነገር አምቦ ውኃው ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አስተማሪ ጎበዝ ነው፤ ስለ አተነፋፈስ አቆጣጠር ያስተማረን እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ሽሮፕ አራት ስላይድ አሳየን። አራት ብቻ።

ካቺሲ ተመለስኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሪፖርት የሕሙማን መዝገቡን ሳገላብጥ አንድ ነገር ዐይኔን ያዘው። ከሥልጠናው በፊት በነበሩት ገጾች ያ ሽሮፕ የለም ማለት ይቻላል። ከሥልጠናው በኋላ በእኔ እጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ስለሌለ ከከተማው መድኃኒት ቤት እንዲገዙ ነው የጻፍኩት። መመሪያው የሚያዘው ኮትሪሞክሳዞል ግን መደርደሪያችን ላይ ነበር፤ ዋጋውም ከሽሮፑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንዱን አባት አስታወስኩት። ከቆላ ልጁን አዝሎ የመጣ ነው። ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰና «በጉን ሸጥኩት» አለኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲያውም አመሰገነኝ። ልጁ ዳነ። በርካሹም ይድን ነበር።

ማንም «ይህን እዘዝ» አላለኝም፤ ጉቦም አልበላሁም። አገራችን ውስጥ ግን ውለታ የሚባል ነገር አለ። በበላበት ወጭት ሰባሪ መባል የሚፈልግ የለም። ያበላህን ሰው ስም ስትሰማ ልብህ ያዘነብላል፤ እጅህም ይከተላል፤ አንተ ግን «ለሕመምተኛው የሚበጀውን አየሁ» ብለህ ታምናለህ። ውለታውን እኔ በላሁ፤ የመለሰው ባለ በጉ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦርሎውስኪና ዋቴስካ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ አምራቾች ሙሉ ወጪያቸውን ችለው ወደ መዝናኛ ሥፍራ ሲምፖዚየም የወሰዷቸውን 20 ሐኪሞች ተከታተሉ። ከመሄዳቸው በፊት አብዛኞቹ «እኛን አይለውጠንም» ብለው ነበር። ሲመለሱ የሁለቱም መድኃኒቶች አጠቃቀም በግልጽ ጨመረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የተከታታይ ሕክምና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት የንግድ ድጋፍን የሚመለከት መመዘኛ አወጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ማስተዋወቅ ሥነ ምግባር መስፈርት ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ ነበር። የሕፃናት ወተት አምራቾች ላይማ ነገሩ ከዚህም ጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም የጤና ጉባኤ የቀረበው መመሪያ የጤና ባለሙያዎችን ስብሰባ ስፖንሰር እንዳያደርጉ ይላል። እኔ አምቦ ላይ ክትፎ ስበላ ከእነዚህ ብዙዎቹ ነበሩ። አላውቃቸውም ነበር።

በአገራችን የተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ኋላ ኃላፊነቱ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞሮ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ተያያዘ። በዓመት 30 ክሬዲት ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ተመርቆ መጽሐፍ የዘጋ ባለሙያ አደገኛ ነው። ግዴታው ሲመጣ ግን ክፍያው ከየት እንደሚመጣ አብሮ አልመጣም። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ይሠለጥናል። ካቺሲ ያለች አዋላጅ የመመዝገቢያ፣ የመኪና፣ የአልጋ ከኪሷ ከፍላ፣ ተረኝነቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ ነው። በኢንተርኔት ትማር ቢባል ኔትወርኩን የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ «እኛ እንሸፍነዋለን» የሚል ሰው ሲመጣ እምቢ ማለት ቅንጦት ይመስላል።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «በግ ተሸጠ ብለህ ሥልጠናው ይቅር ልትል ነው? አተነፋፈስ መቁጠር የተማርከው እዚያ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው። በኩራዝ ወረቀት አንብቦ ሁሉን መማር አይቻልም፤ ደም የሚፈሳትን እናት ማሕፀን በእጅ እንዴት እንደሚይዙ ያየ ሰው መጥቶ ማሳየት አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይመጣል፤ ይበላል፤ ያድራል። ስፖንሰር ያስፈልጋል። የተከራከርነው ስለዚያ አልነበረም። የተከራከርነው ከፋዩ ከተቀመጠበት ወንበር እስከ ማስተማሪያው ሰሌዳ ስንት ርምጃ ይሁን በሚለው ላይ ነው። እሱ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ ይላል። እኔ በር ላይ አመስግነን እንሸኘው እላለሁ።

ደብዳቤውን በመጨረሻ የጻፍኩት እንዲህ ነው። ርዕሱን እኛ እንመርጣለን፤ ዘንድሮ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው። አስተማሪውን እኛ እንጋብዛለን። ገንዘቡ ለማኅበሩ ሒሳብ ይገባል እንጂ ለአስተማሪው በእጅ አይሰጥም። የማንም መድኃኒት በንግድ ስሙ አይጠራም፤ ቦርሳና እስክሪብቶ አንቀበልም። የሰጪው ስም በመርሐ ግብሩ መጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ይመሰገናል። ኮሚቴው ሲያነብ አንዱ «ይሄ ልመና ነው ወይስ ክስ?» አለ። ሆኖም ፈረሙበት።

ለአምስት ቦታ ላክን። ሦስቱ አልመለሱም። አንደኛው «ለተወካያችን አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡን» ብሎ መለሰ፤ አሥር ደቂቃ አራት ስላይድ እንደሆነ ስለማውቅ አመስግኜ ተውኩት። አምስተኛው አሁንም «እየታየ ነው» ይለናል። በውጭ አገር ያለ አንድ የባች ጓደኛችን የአዳራሹን ከፍሏል። ምሳው ሽሮ ነው፤ ከየኪሳችን አዋጥተናል። ከእናት ኮሌጃችን የማሕፀንና ጽንስ መምህራን መካከል አንዱ መጥቶ እንዲያስተምር ጠይቀናል፤ ይህን የምታነቡ መምህራን ደብዳቤው በትምህርት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መድረሱን እባካችሁ እዩልን። የጎደለን ከካቺሲና ከቆላው ጤና ጣቢያዎች አሥራ አራት አዋላጆችን ቅዳሜ ጠዋት አምቦ አድርሶ ማታ የሚመልስ አንድ ሚኒባስ ነው።