የነፈራቡ የስእለት ሐውልት

የነፈራቡ የስእለት ሐውልት በጥንታዊት ግብፅ ፕታህ ለተባለው አምላክ የተሰጠ፣ በሁለቱም ገጹ የተቀረጸ የኖራ ድንጋይ ነው። ዘመኑ 19ኛው ሥርወ መንግሥት (13ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት) ሲሆን፣ አሁን በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም በቁጥር 589 ተመዝግቦ ይገኛል። ሐውልት ይባል እንጂ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ነፈራቡ በዛሬዋ ሉክሶር አጠገብ በምትገኘው በዴር ኤል መዲና መንደር ይኖር ነበር። የመንደሩ ወንዶች በነገሥታት ሸለቆ የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚያስጌጡ ሠራተኞች ነበሩ። ፕታህ ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች ሁሉ ጠባቂ ነው።

በፊት ገጹ ፕታህ በዙፋኑ ተቀምጦ ይታያል። በአጠገቡ የተቀረጹት ጆሮዎችና ዓይኖች አምላኩ ጸሎትን እንደሚሰማና ለማኙን እንደሚያይ ያመለክታሉ። ሐውልቱን ያስጠቀሰው ግን የጀርባው ጽሑፍ ነው። ነፈራቡ በፕታህ ስም በሐሰት እንደማለ፣ አምላኩም በቀን ጨለማ እንዳሳየው ይናዘዛል። ቅጣቱ ፍትሐዊ እንደነበር አምኖ፣ ትልቁም ትንሹም ከፕታህ እንዲጠነቀቅ ያስጠነቅቃል፤ በመጨረሻም ምሕረት ይለምናል።

እንዲህ ያለ ኑዛዜ በግብፅ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። በ«ሙታን መጽሐፍ» ምዕራፍ 125 ሟቹ በአማልክት ችሎት ፊት «ይህን አላደረግሁም» እያለ ኃጢአቱን አንድ በአንድ ይክዳል። ነፈራቡ ግን በሕይወት ሳለ የገዛ ጥፋቱን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ለሰው ሁሉ አሳየ።

«በቀን ጨለማ» የሚለውን ሐረግ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደ እውነተኛ ዕውርነት ይወስዱታል፤ አቧራና የመብራት ጭስ በበዛበት ሥራ የዓይን ሕመም የሚያስገርም አይሆንም። ሌሎች ከአምላክ መራቅን የሚገልጽ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው ይላሉ።

እንግሊዛዊው ባቲስኮም ገን በ1916 እ.ኤ.አ. እነዚህን መሰል ሐውልቶች «የድሆች ሃይማኖት» በሚል ርዕስ አጥንቷል። ስያሜው ግን ለነፈራቡ እምብዛም አይስማማም፤ በሥዕል ያጌጠ የራሱ መቃብር (የጤቤስ መቃብር ቁጥር 5) ነበረውና።

ነፈራቡ ሌላም ሐውልት አለው፤ እሱ የሚገኘው በጣሊያን በቱሪን ከተማ ሙዚየም ነው። የተሰጠውም በመንደሩ ላይ የሚያንዣብበው ተራራ እመቤት ለሆነችው ለመረትሰገር ነው። በዚያኛው ላይ አምላኳ ቀጥታው እንደነበር፣ በኋላ ግን እንደ ነፋሻ አየር መጥታ እንደማረችው ይናገራል።