ጣናን በጎበኘን ጊዜ፤ ስለ ደሴቶቹ ታሪክና ስለ ዳርቻው ደንገል

ታሪክ ያለፈው ትውልድ ለሚመጣው ትውልድ የሚያወርሰው ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ወራሹ የወረሰውን ነገር በስም ብቻ ከሰማው፣ ሀብቱ ምን እንደ ሆነ፣ ጠባቂውም ምን እንደ ሆነ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። እኛ የቦሌ ተማሪዎች፣ የትምህርት ቤታችን የታሪክ ማኅበር አባሎች፣ በክፍል ውስጥ ስሙን ስንሰማ የኖርነውን የጣናን ሐይቅ በዓይናችን ለማየት የተነሣነው ስለዚህ ነው። በዚህ የበዓል መጽሔት ያየነውንና የተማርነውን፣ የተሳሳትንበትንም ሳንደብቅ ለአንባብያን እናቀርባለን።

ስሕተታችንን አስቀድመን እንናገር። የጉብኝቱ ፕሮግራም ሲዘጋጅ አስተማሪያችን ሦስት ቀን መድበው ነበር፤ አንዱን ለደሴቶቹ ገዳማት፣ ሁለተኛውን ለዘጌ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ ላለው ረግረግ። ብዙዎቻችን ግን፣ «ረግረግ የሳይንስ ትምህርት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ጭቃ ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም» ብለን ተከራከርን። እጅ ሲወጣም በድምፅ ብልጫ አሸነፍን። አስተማሪያችን ፈገግ ብለው፣ «መልካም ነው፤ ደሴቶቹንና ዘጌን ካያችሁ በኋላ እንደ ገና ድምፅ እንሰጣለን» አሉን።

በጥር ወር አንድ ማለዳ ከሰፈራችን ከቦሌ በአይሮፕላን ተነሥተን፣ የዓባይን ሸለቆ ከላይ እየተመለከትን፣ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ባሕር ዳር ደረስን። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። የቆዳው ስፋት ከ3000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ታላቁ ዓባይም ከእርሱ ይወጣል።

በመጀመሪያው ቀን በሞተር ጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል አመራን። ይህ ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት በአባ ዘዮሐንስ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ደሴቲቱ መግባት ስለማይፈቀድላቸው፣ ከመካከላችን ሴቶቹ በአጠገቧ ወዳለችው ወደ እንጦስ ኢየሱስ ሄዱ። ወንዶቹ በክብራን ያየነው የመጻሕፍቱን ቤት ነው። ከመጻሕፍቱ መካከል በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፈና በሥዕል ያጌጠ ወንጌል እንዳለ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚትም በ1960 ዓ. ም. ግድም በጣና ደሴቶች የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በፊልም አንሥተው ለጥናት አብቅተዋል።

ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ በዚህ ጉዞ አልደረስንም። አስተማሪያችን ግን በጀልባው ላይ ሳለን ታሪኩን ነገሩን። አባ ኂሩተ አምላክ በመሠረቱት በዚያ ገዳም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም በክብር ተቀምጦ ይገኛል። በጣና ቂርቆስም ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ ዘመን እንደ ኖረች በአባቶች ይተረካል።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ በመካከላችን ተነሣ። የነገሥታት አፅም፣ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ይህን ያህል በደሴቶቹ ላይ የተሰበሰቡት ስለ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ያለፈውን ዘመን መመልከት ያስፈልጋል። በ1521 ዓ. ም. የኢማም አሕመድ ጦር በሽንብራ ኩሬ ድል ካደረገ በኋላ፣ ጦርነቱ በደጋው አገር ተስፋፍቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ኢማሙ ከጣና በስተምሥራቅ በወይና ደጋ እስከ ወደቁበት እስከ 1535 ዓ. ም. ድረስ አገሩ ዕረፍት አላገኘም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጎንደር በ1880 ዓ. ም. በድርቡሾች እጅ ስትቃጠል፣ ከአብያተ ክርስቲያኖቿ አብዛኞቹ ነድደዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ፈረሰኛ የማይደርስበት፣ እሳትም ተዛምቶ የማያገኘው ስፍራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መናገር አያሻም። በየብስ ላይ የነበረው ብዙው ሲጠፋ፣ በውሃ የተከበበው ለእኛ ተረፈ። እንግዲህ የመጻሕፍቱ ቅጥር ድንጋይ ሳይሆን ውሃ ነበር ማለት ነው።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ አንድ ሰው ቀጭን ታንኳ እየቀዘፈ በአጠገባችን አለፈ። ታንኳው የተሠራው ከሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ከመካከላችን አንዷ፣ «የሞተር ጀልባ በሌለበት ዘመን መነኮሳቱና መጻሕፍቱ በምን ይሻገሩ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጀልባ ነጂውም እጁን ወደ ታንኳው ዘርግቶ ከማሳየት በቀር ሌላ መልስ አልሰጠም። ሁላችንም ዝም አልን።

በማግሥቱ ዘጌን ጎበኘን። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት ይገኙበታል። የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ዙሪያውን ያለው ጫካ ነበር። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ተብሎ ይተረካል። በጥንቱ የገዳሙ ሥርዓትም በዘጌ መሬቱ በሞፈር አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፤ ሕዝቡ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና እያለማ ኖሯል። ስለ አካባቢ ጥበቃ በዓለም መድረክ መነጋገር ከመጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ እነዚህ አባቶች ሥዕሉንና ዛፉን በአንድ ሥርዓት ጠብቀው ነበር።

በዚያው ምሽት አስተማሪያችን ቃላቸውን ጠብቀው ድምፅ እንድንሰጥ ጠየቁን። ስለ ረግረጉ ሁላችንም እጃችንን አነሣን፤ የተቃወመ አንድም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጫማችንን አውልቀን ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ወደ ዳርቻው ወረድን። ደንገሉ ከራሳችን በላይ ቆሟል፤ ነፋስ ሲነካው ጫፉ እንደ ፀጉር ይበተናል። በዚያ ታንኳ ሲሠሩ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ከነገደ ወይጦ ወገን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳርቻ የሚኖሩ፣ በጉማሬ አደን የታወቁ፣ ደንገልንም አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ የሚሠሩ ናቸው። «አባታችን፣ አንድ ታንኳ ምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?» ብለን ጠየቅናቸው። ከውሃ እያወጡ በፀሐይ ካላደረቁት ውሃ ጠጥቶ እንደሚከብድ፣ ደኅና አድርገው ቢይዙትም ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ መሥራት እንደሚያስፈልግ ገለጹልን። እውነቱን ለመናገር የነገሥታቱን ስም ዝርዝር በቃላችን እናውቅ ነበር፤ የነገደ ወይጦን ስም ግን ከዚያ ቀን በፊት ሰምተን አናውቅም ነበር። በዚህም አፈርን።

ደንገል በጥንት ዘመን በግብፅ አገር ወረቀት ይሠራበት የነበረ ተክል ነው። ግብፆች በዓባይ ግርጌ ሆነው በደንገል ላይ ጻፉ፤ የእኛ አባቶች በዓባይ ራስ ሆነው በብራና ላይ ጻፉ፤ ብራናቸውንም በደንገል አሻገሩት። ስለዚህ ደንገል ለሁለቱም ሕዝብ የመጽሐፍ ባለ ውለታ ነው።

የረግረጉ ሥራ ግን ታንኳ ማስገኘት ብቻ አይደለም። ወንዞቹ ከደጋው እያጠቡ የሚያመጡትን አፈር ደንገሉና ሣሩ ያዝ አድርገው ያስቀሩታል፤ እንደ ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ ለሆነ ሐይቅ ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው። ቆሮሶና አምባዛ በዚያ ይራባሉ፣ ወፎች በዚያ ይጠለላሉ። በጣና ነጭ አሣ ከሚባለው ወገን ሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 በላይ ዓይነቶች እንዳሉ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በዚህም ሁሉ ምክንያት ዩኔስኮ በ2007 ዓ. ም. ጣናን ከነዙሪያው በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሆኖም በመዝገብ መግባት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። በብዙ ስፍራ ረግረጉ ታርሷል፣ ደንገሉም ሳስቷል። ከ2004 ዓ. ም. ግድም ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በብዛት ተንሰራፋ። የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ሐምራዊና የሚያምር ሲሆን፣ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውሃውን ሸፍኖ ፀሐይና አየር ይከለክላል፤ ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ፣ ከብቱን ከውሃው ይለየዋል። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በተደረገው ታላቅ ዘመቻ የዳርቻው ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ነበር። ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ተነቅሎ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ የባሕር ዳርና የጎንደር ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ቦሌን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። እኛም ከጉዞው በፊት ብንጠየቅ እንዲሁ እንል ነበር። ከተመለስን በኋላ ግን ካርታ ዘርግተን የሰፈራችንን ወንዞች ተከተልን። በቦሌ በኩል የሚያልፉት ቀበናና ቡልቡላ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል። እምቦጭ በኢትዮጵያ መኖሩ በመጀመሪያ የተገለጸው በ1957 ዓ. ም. ግድም በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነበር። ይህ አረም በቆሻሻ የጠገበ ውሃ እንደሚስማማው የታወቀ ነው። እንግዲህ እኛ በየድልድዩ ሥር የምንጥለው ነገር የት እንደሚደርስና ማንን እንደሚቀልብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ ተራችሁ ደርሶ ጣናን ስትጎበኙ የመጻሕፍቱን ቤት በክብር ተመልከቱ፤ ነገር ግን የረግረጉን ቀን ከፕሮግራሙ አትሰርዙ። መጽሐፉን ያቆየው ውሃው ነው፤ ውሃውን ያቆየው ደንገሉ ነው። ደንገሉን የሚያቆየው ግን ከእንግዲህ ወዲህ ሰው ብቻ ነው። እኛም የማኅበሩ አባሎች ከጉዞው ከተመለስን ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ በቡልቡላ ዳር ቆሻሻ እየለቀምን ዛፍ እንተክላለን። ሥራው ትንሽ ነው፤ የዘጌ አባቶችም የጀመሩት በአንድ በትር ነው ይባላል።