ፍጥነትና ጥበብ በአንድ ሚዛን

የሰውን ተሰጥዖ በአኃዝ የመመዘን ልማድ ወደ ቪዲዮ እግር ኳስ የገባው ገና በጧቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 እንግሊዛዊው ኬቪን ቶምስ ደርሶ ባወጣው «ፉትቦል ማናጀር» እያንዳንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 5 የሚደርስ የችሎታ ነጥብና ሌላ የጉልበት ነጥብ ነበረው፤ ፍጥነት ግን ለብቻው አልተመዘነም፤ ጨዋታው የአሠልጣኝ እንጂ የሯጭ አልነበረምና። ከ12 ዓመት በኋላ የመጣው «ሴንሲብል ወርልድ ኦቭ ሶከር» 27,000 ያህል ተጫዋቾችን መዝግቦ፣ ማቀበልን፣ መምታትን፣ ቴስታን፣ መንጠቅን፣ ኳስ መቆጣጠርን፣ ግብ ማስቆጠርንና ፍጥነትን ለየብቻ ሲመዝን፣ ሰባቱ እንደ ወንድማማች በእኩል ማዕርግ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰው በእጁ የሚያዝዘው ተጫዋች ሜዳ ላይ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ፍጥነት በወንድሞቹ ላይ መንገሡ አልቀረም።

ለዚህ ምስክር የሚያሻው ቢኖር የጃፓኑ ኮናሚ ሥራዎች ይበቁታል። ናይጄሪያዊው የክንፍ ተጫዋች ቲጃኒ ባባንጊዳ በእውነተኛው ሜዳ ከዘመኑ ታላላቆች ተርታ ባይቈጠርም፣ በኮናሚ ጨዋታዎች ውስጥ በሩጫ የሚስተካከለው ስላልነበረ ስሙ ከነሱ እኩል ይጠራ ነበር፤ በ2005 በወጣው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 5» ደግሞ የኢንተር ሚላኑ ኦባፌሚ ማርቲንስ ኳስ አገኘ ማለት ተከላካይ ሁሉ ከኋላው ቀረ ማለት ሆነ። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ኢንተርን ለመያዝ የነበረውን ሽሚያ ያየ ያውቀዋል።

መንሥኤው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በነጥቡ መጠን ሳይሆን በጨዋታው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ከ2012 እስከ 2015 ጁቬንቱስ አራት ጊዜ በተከታታይ የጣሊያን ሻምፒዮን ሲሆን፣ አንድሬያ ፒርሎ መካከሉን ሜዳ የገዛው በእግሩ ፍጥነት ሳይሆን ሌላው ያላየውን ቀድሞ በማየቱ ነበር። በቪዲዮው ጨዋታ ግን ሜዳው ከነተጫዋቾቹ ከላይ ወለል ብሎ ስለሚታይ፣ የፒርሎ ልዩ ጸጋ ጆይስቲክ ለጨበጠ ሕፃን ሁሉ ያለ ዋጋ ይታደላል፤ ፍጥነትን ግን ሕፃኑ ከተጫዋቹ እግር በቀር ከየትም አያገኘውም። ስለዚህ ለፒርሎ ማቀበል የቱንም ያህል ነጥብ ቢሰጡት፣ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ መዋሉ አይቀርም።

የ«ፊፋ» ጨዋታ ባለቤት ኢኤ ስፖርትስም ችግሩን አልሳተውም። በ2022 ባወጣው «ፊፋ 23» ተጫዋቾችን በቁመት፣ በጥንካሬና በቅልጥፍና ለይቶ በ3 የሩጫ ዓይነት ከፈላቸው፤ ረጃጅሞቹ ቀስ ብለው ተነሥተው በረዥም ርቀት እንዲያይሉ ተፈረደላቸው። ፍርዱ ግን ሌላ አድልዎ ወለደ፤ ግዙፎቹ ተከላካዮች ቀልጣፎቹን የክንፍ ተጫዋቾች እየደረሱ ይይዟቸው ጀመር፣ ሕዝቡም ረጃጅሞችን ለመሰብሰብ ተሯሯጠ። በተከታዩ ዓመት፣ ጨዋታው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ከተባለ በኋላ፣ 3ቱ ዓይነቶች 7 ሆኑ።

ሰባትም ይሁኑ ሰባ፣ ሁሉም የሩጫ ዓይነቶች ናቸው። በ1989 ዲኖ ዲኒ በሠራው «ኪክ ኦፍ» ኳሷ ከእግር ጋር ተጣብቃ አትሄድም ነበር፤ በሩጫ ላይ እያለ ያለ ጥበብ ሊታጠፍ የሞከረ ሁሉ ጥሏት ያልፋል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች አዲስ የሩጫ ዓይነት ከመቀመር ይልቅ ወደዚያ ሕግ ቢመለሱ ይሻላቸዋል።