ዋዛና ቁም ነገር በመዝገበ ዕውቀት፤ የላቲኑ ቪኪፓይዲያ ያነሣው የስያሜ ጥያቄ

መዝገበ ቃላትም ሆነ መዝገበ ዕውቀት በሚዘጋጅበት ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ዋዛና ቁም ነገር በአንድ ገጽ ላይ እስከ ምን ድረስ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ነው። ጥያቄው በተለይ የሚጠነክረው ሥራው የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙዎች ሲሆን፣ የሚጻፍበትም ቋንቋ አፉን የሚፈታበት ሕዝብ የሌለው ሲሆን ነው። በ2002 የተጀመረውና ፈቃደኞች በኅብረት የሚጽፉት የላቲን መዝገበ ዕውቀት፣ ቪኪፓይዲያ፣ ሁለቱንም ሁኔታዎች ያሟላል። በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን ታሪክ በአጭሩ ተመልክተን፣ ለስያሜ ሥራ የሚሰጠውን ትምህርት ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከቃላቱ እንጀምር። «ሁሞር» በጥንታዊው ላቲን እርጥበት ወይም ፈሳሽ ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች የሰውን ጠባይ በሰውነቱ ውስጥ በሚገኙ ፈሳሾች ይተረጉሙ ስለ ነበር፣ ቃሉ ውሎ አድሮ ጠባይን፣ በኋላም የቀልድን ስሜት ወደ መግለጽ ተሸጋገረ። ሮማውያን ራሳቸው ለለዛ ከነበሯቸው ቃላት አንዱ «ሳል» ሲሆን፣ ትርጉሙ ጨው ነው። «ኔውተር» ደግሞ «ከሁለቱ አንዱም ያልሆነ» ማለት ነው፤ የሰዋስው ሊቃውንትም ተባዕት ወይም አንስት ላልሆነው ጾታ መጠሪያ አድርገውታል። የእኛ «ገለልተኛ» ግን ገለል ከማለት የወጣ በመሆኑ ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ላቲኑ ከሁለቱም ወገን አለመሆንን ሲያመለክት፣ አማርኛው ከስፍራው ዘወር ማለትን ያሳስባል። መዝገበ ዕውቀት የሚጠየቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ይኸውም ከክርክር እንዲሸሽ ሳይሆን፣ የተከራካሪዎቹን ሐሳብ ለየባለቤቱ እየሰጠ ራሱ ወገን እንዳይዝ ነው።

ለጉዳያችን ዋና መሣሪያ የሚሆነንን ልዩነት ያስቀመጠው ሲሴሮ ነው። በ55 ዓመተ ዓለም ስለ ተናጋሪ በጻፈው ድርሳን፣ በሁለተኛው መጽሐፍ፣ ቀልድን በነገር ላይ የተመሠረተና በቃል ላይ የተመሠረተ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። መለያውም ቀላል ነው። ቃላቱ ቢለወጡም ማሣቁ የማይቀር ከሆነ ቀልዱ ከነገሩ ላይ ነው፤ ቃላቱ ሲለወጡ ጨውነቱን የሚያጣ ከሆነ ግን ከቃሉ ላይ ነው። ይህን መለያ ማንኛውም ተርጓሚ ከሥራው ያውቀዋል።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈታ፣ በእንግሊዝ አገር ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡ የሚመገበው እህል እንደ ሆነ ጽፏል። ይህ ወደ አማርኛ ቢመለስም ያሥቃል፤ ቀልዱ በነገሩ ላይ ነውና። የኤክሳይስን ቀረጥ የፈታበት አንቀጽ ግን ከዋዛ አልፎ ዘለፋ በመሆኑ፣ የቀረጡ ሹማምንት በስም ማጥፋት ያስከስስ እንደ ሆነ ከዐቃቤ ሕጉ ምክር ጠይቀው ነበር፤ ክስ ግን አልተመሠረተም። ጡረታንም ከመንግሥት ለሚሰጥ የቅጥረኛ ክፍያ አስጠግቶ ከፈታ በኋላ፣ በ1762 ራሱ በዓመት 300 ፓውንድ የንጉሥ ጡረታ ተቀብሏል። ያም ሆኖ አንባቢው የማን ድምፅ እንደሚሰማ ያውቃል። የመጽሐፉ ፍርድም ሆነ ለዛው የጆንሰን ነው፤ ተወቃሹም ተመስጋኙም እርሱው ነው።

ከ1751 እስከ 1772 በፓሪስ የወጣው፣ 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ቅጾች ያሉት የዲድሮ አንሲክሎፔዲ ከ140 የሚበልጡ ጸሐፊዎች የተሳተፉበት ሥራ በመሆኑ፣ ቀልዱ ሌላ መደበቂያ አግኝቷል። ስለ ሰው በላዎች የሚናገረው አንቀጽ በመጨረሻው ላይ አንባቢውን ወደ «ቍርባን» ይመራዋል። አንቀጾቹ ለየብቻቸው ቢመረመሩ የሚነቀፍ ዐረፍተ ነገር ላይገኝባቸው ይችላል፤ ንክሻው ያለው አንዱን ከሌላው በሚያያይዘው «ተመልከት» ላይ ነው። ዲድሮም በ1755 በወጣው አምስተኛ ቅጽ፣ እንዲህ ያለው ማመልከቻ የተከበሩ አስተሳሰቦችን በስውር ለመናድ እንደሚያገለግል ሳይሸሽግ አስረድቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ ገለልተኝነት ዐረፍተ ነገርን በመመርመር ብቻ የማይረጋገጥ መሆኑን ነው።

ወደ ላቲኑ ሥራ እንመለስ። ስሙ ራሱ ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ የሚስብ ነው። «ዊኪ» በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ሲሆን፣ በላቲን ልማድ ሲጻፍ ፊደላቱ «ቪኪ»፣ ማለትም «አሸነፍሁ» ከሚለው ግሥ ጋር ይገጥማሉ። ይህ በቃል ላይ ያለ ለዛ ነው፤ ቢተረጐም ይጠፋል። ሆኖም ማንንም ስለማይነካ፣ በማንም ላይ ስለማይፈርድ ጉዳት የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ለአዲስ ነገር ስም ሲፈለግ ነው። በ1976 በጳጳሱ በጳውሎስ 6ኛ የተቋቋመው የላቲኒታስ ድርጅት በ1992 እና በ1997 ባወጣው የአዳዲስ ቃላት መዝገብ፣ ሆት ዶግ «ፓስቲሉም ቦቴሎ ፋርቱም»፣ በቋሊማ የተሞላ ትንሽ ዳቦ፣ ተብሏል። አንባቢ ፈገግ ቢል አያስደንቅም፤ የሚያሥቀው ግን የጥንቱ ቋንቋ ግርማና የዘመኑ ምግብ መገናኘታቸው እንጂ የአዘጋጆቹ ፌዝ አይደለም። ስያሜው ነገሩን በትክክል ይገልጻል።

በአንጻሩ፣ የዘመኑን አንድ የሙዚቃ ዐይነት የማይወድ ጸሐፊ «ስትሬፒቱስ»፣ ጫጫታ፣ ከሚለው ቃል ስም አውጥቶለት ቢጽፍ ምን ይሆናል? ሌላው የአንቀጹ ክፍል ምንም ያህል ሚዛናዊ ቢሆን፣ ፍርዱ በርእሱ ላይ ተሰጥቷል። ሕያው ቋንቋ ቢሆን ሕዝቡ ስሙን ይሥቅበታል፣ ይተወዋል፣ ወይም ያርመዋል። ላቲን ግን ይህን የሚያደርግ የመንደር ጉባኤ የለውም። አንድ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቃሉን ከመዝገበ ዕውቀቱ ቢቀዳው፣ መዝገበ ዕውቀቱም መልሶ ያንኑ መዝገበ ቃላት ምስክር ቢያደርገው፣ ቀልድ የነበረው ያለ ፈራጅ ማስረጃ ይሆናል። ቪኪፓይዲያ «ኖሊ ፊንጌሬ»፣ አትፍጠር፣ የሚል ደንብ ያወጣው፣ ምንጭ ባልተገኘለት ስም ላይም የላቲን ስሙ ምንጭ እንደሚፈለግ የሚገልጽ ምልክት የሚያኖረው ስለዚህ ጠቃሚ ነው። ደንቡ ቀልድን በስም የሚከለክል ባይሆንም፣ ቀልድ ስም ሆኖ እንዳይቀር በር ይዘጋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ግእዝም ዛሬ አፍ መፍቻ ያደረገው ሕዝብ የለውም፤ አማርኛ ግን ለአዳዲስ ስያሜዎች ዘወትር ከእርሱ ይበደራል። በቅኔ ቤት ድርብ ትርጉም ቢነገር ወርቁን ከሰሙ የሚለይ መምህር አለ። የመዝገብ አንባቢ ግን ብቻውን ነው፤ ያነበበውን ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ ይወስዳል። ስለሆነም የሲሴሮን ክፍፍል ወደ ሥራ ደንብ ብንለውጠው፣ በነገር ላይ ያለው ቀልድ ባለቤቱ ተጠቅሶ በአንቀጹ ውስጥ ይዘገብ፤ በቃል ላይ ያለው ግን በስያሜው ቦታ አይግባ ለማለት እንችላለን። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። መዝገበ ዕውቀትም ያለ ጨው ድንጋይ እንዳይሆን ያሠጋል፤ ጨው ግን ለወጡ እንጂ ለሚዛኑ አይጨመርም።